ያውቁ ኖሯል? ምስጋና ሆኖ ያደገው ስድብ

ያውቁ ኖሯል? እንግሊዝ አንድን ሰው «የያዘውን የማይለቅ፣ ቢወድቅም ከጀመረው ነገር ፈቀቅ የማይል» ብሎ ሊያመሰግነው ሲፈልግ ከሚጠራቸው ቃላት አንዱ፣ ቃል በቃል ሲፈታ «ውሻማ» ማለት ነው። ቃሉ «ዶጊድ» ይባላል። «ዶግ» ውሻ ነው፤ ጫፉ ላይ የተንጠለጠለችው «ኢድ» ደግሞ ስሙን ቅጽል ታደርገዋለች፤ እኛ «ጉልበት» ብለን «ጉልበታም» እንደምንለው። በአማርኛ ሰውን «ውሻ» ብሎ አመስግኖ በሰላም ወደ ቤቱ የገባ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

እንግሊዞቹም ዘንድ ቢሆን ቃሉ ሲወለድ ስድብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1300 አካባቢ ብቅ ሲል የሚያመለክተው የውሻን ክፉ ጎን ብቻ ነው፤ ተናካሽ፣ ጨካኝ፣ የተናቀ፣ ፊቱ የማይፈታ። ሼክስፒር «ንጉሥ ጆን» በተባለው ተውኔቱ ውስጥ አንድ ቦታ ለጦርነት፣ ሌላ ቦታ ለሰላዮች ሰጥቶታል፤ ጦርነቱም ሰላዮቹም እየተመሰገኑ አልነበረም። «ተስፋ የማይቆርጥ» የሚለው ትርጉም የመጣው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ነው። ስድቡ ምስጋና ለመሆን ወደ 500 ዓመት ፈጀበት ማለት ነው። ራሱ ቃሉም ሳይታክት ቆይቷል።

ያውቁ ኖሯል? የእንግሊዝኛን ታላቅ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1755 ያሳተመው ሳሙኤል ጆንሰን «ዶጊድ» የሚለውን ቃል ሲፈታው ስለ ፅናት አንዲት ቃል አልተነፈሰም። የሰጠው ፍቺ ኩርፍተኛ፣ ጨፍጋጋ፣ ዓይነ መራራ የሚሉትን የሚመስል ነው። ይኸው ሰውዬ ግን ከዓመታት በኋላ ከወዳጁ ከቦዝዌል ጋር ወደ ስኮትላንድ ሲጓዝ ስለ ደራሲነት ተነሳና፣ ሰው «ዶጊድሊ» ከተቀመጠ በማንኛውም ሰዓት መጻፍ ይችላል የሚል ሐሳብ ሰነዘረ። ታዲያ ምን ማለቱ ነው? በራሱ መዝገበ ቃላት ከሄድን «ፊቱን አጨፍግጎ፣ አኩርፎ» ማለቱ ነው፤ በዛሬው ትርጉም ከሄድን «ወገቡን አስሮ» ማለቱ ነው። ለዝግጅት ክፍል ጽሑፍ ማድረስ ያለበት ሰው ሁለቱም አንድ እንደሆኑ ያውቃል። ጆንሰን መዝገበ ቃላቱን እንዲያዘጋጅ የተዋዋለው እ.ኤ.አ. በ1746 ነበር፤ በሦስት ዓመት እጨርሳለሁ ብሎ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶበታል። የረዱት ጸሐፊዎች ስድስት ብቻ ናቸው።

አነባበቡ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል፤ እኔ ራሴ የተሰናከልኩት ክፍል ውስጥ፣ ቆሜ፣ ጮክ ብዬ ነው። ምንባቡ ላይ ደረስኩና «ዶግድ» ብዬ በአንድ ትንፋሽ አለፍኩት። መምህራችን መነፅራቸውን ዝቅ አድርገው «ማን ነው ውሻ ያባረረው?» አሉ። ክፍሉ ሳቀ። ቅጽሉ ሁለት ክፍለ ቃል አለው፤ ዶ-ጊድ። በአንድ ትንፋሽ «ዶግድ» ካሉት ግን ግስ ይሆናል፤ «እግር በእግር ተከተለ» ማለት ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፉ ሁለቱ ፈጽሞ አይለያዩም። በእኛ ፊደል ቢጻፉ ኖሮ ያን ቀን ባልተሳቀብኝ።

ያውቁ ኖሯል? ድሮ ይህቺ «ኢድ» ሁሉም ቃል ላይ በደንብ ትነበብ ነበር። በኋላ ተናጋሪው ሁሉ ከግሶቹ ላይ እየዋጣት ሄደ። «የጉሊቨር ጉዞዎች» ደራሲ ጆናታን ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ1712 ባሳተመው አቤቱታ፣ ድምፅ እየዋጡ ቃላትን እያሳጠሩ ቋንቋውን አበላሹት ብሎ አምርሮ ጽፏል። የሰማው የለም። ጥቂት ቅጽሎች ግን ከመዋጥ ተርፈዋል፤ «ኔኪድ» ራቁት፣ «ዊኪድ» ክፉ፣ «ራጊድ» ወጣ ገባ፣ «ለርኒድ» የተማረ፣ «ዶጊድ» የእኛው። ከሸርጣን ስም የተወለደው «ክራቢድ» ደግሞ የዶጊድ የቅርብ ዘመድ ነው። ትርጉሙ ነጭናጫ ሲሆን፣ እሱ ምስኪን እስከ ዛሬ ከስድብነቱ አልወጣም።

ግሱን ካነሳን አይቀር አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አንድ ሰው በመከራ «ዶግድ» ሆነ ከተባለ ፅኑ ነው ማለት አይደለም፤ መከራ እንደ ውሻ ሲከተለው ኖረ ማለት ነው። እንግሊዝኛ በነገራችን ላይ ሰው መነዝነዝንና ማሳደድን የሚገልጹ ግሶቹን የሚያወጣው ከአደን ሜዳ ነው። «ሃውንድ» አዳኝ ውሻ ነው፤ ግስ ሲሆን አላስቀምጥ ማለት ይሆናል። «ባጀር» ጉድጓድ ቆፋሪ አውሬ ነው፤ ውሻ እየለቀቁ ያስጨንቁት ስለነበር ሰውን መነዝነዝ በስሙ ተጠራ። «ስሉዝ» የሚባለው መርማሪም ከዚያው መንደር ነው። ቃሉ በጥንት ስካንዲኔቪያውያን ቋንቋ ዱካ ማለት ነበር፤ ዱካ የሚያነፈንፈው ውሻ «ስሉዝ-ሃውንድ» ተባለ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ውሻው ቀረና መርማሪው ስሙን ወረሰ።

ያውቁ ኖሯል? «ዶግ» የሚለው ቃል ራሱ ከየት እንደመጣ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። በጥንቱ እንግሊዝኛ ውሻ ሁሉ «ሁንድ» ነበር፤ ጀርመኖች ዛሬም እንደሚሉት። «ዶግ» በጥቂት ጽሑፎች ጥግ ላይ ብቻ የሚታይ መጤ ነበር። ከዚያ ቀስ በቀስ ባለቤቱን ከቤቱ አስወጣው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ውሻ ሁሉ «ዶግ» ሆነ፣ «ሃውንድ» የአዳኝ ውሻ ስም ብቻ ሆኖ ቀረ። ከዚህ የሚገርመው ደግሞ ሌላ ነው። በሰሜናዊ ኩዊንስላንድ፣ አውስትራሊያ ይነገር የነበረው የምባባራም ቋንቋም ውሻን የሚጠራው «ዶግ» ብሎ ነበር። የቋንቋ ሊቁ ዲክሰን ቃሉን ሲሰማ ከእንግሊዞች የተዋሱት መስሎት ነበር፤ ሲመረምረው ግን በጎረቤት ቋንቋዎች ካሉት የውሻ ስሞች ጋር በሕጉ የሚገጥም የራሳቸው ቃል ሆኖ አገኘው። እንዲሁ ግጥምጥም ነው።

ቃል በቃል «ውሻማ» የሚባል ሌላ ቃል ደግሞ ከግሪክ መጥቷል፤ «ሲኒክ» ይባላል። በአራተኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ፣ አደባባይ ላይ በልቶ አደባባይ ላይ የሚተኛውን ዲዮጋንን አቴናውያን «ውሻው» እያሉ ይሰድቡት ነበር። እሱም አልተቆጣም፤ ስድቡን ተቀብሎ የፍልስፍናው መጠሪያ አደረገው። ስለሱ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። አንቲስቴንስ የተባለው አስተማሪ ደቀ መዝሙር አልፈልግም ብሎ በትር ቢያነሳበት፣ ዲዮጋን ጭንቅላቱን አቀረበለት፤ ምታ፣ የምትናገረው ነገር እስካለህ ድረስ እኔን የሚያባርር ጠንካራ እንጨት አታገኝም በሚል መንፈስ። ዶጊድ ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ዕጣቸው ግን ተገላቢጦሽ ሆነ። «ዶጊድ» ከስድብ ወደ ምስጋና ሲወጣ፣ «ሲኒክ» ከፈላስፋ ስምነት ወርዶ ዛሬ በሰው በጎነት የማያምን፣ ሁሉን የሚጠራጠር ሰው መጠሪያ ሆኗል።

ያውቁ ኖሯል? እኛም ብንሆን ልጆቻችንን ሳናስበው በውሻ ስም ሳንጠራቸው አልቀረንም። ውሻ በግዕዝ «ከልብ»፣ በዕብራይስጥ «ኬሌቭ»፣ በዓረብኛ «ከልብ» ነው። የካሌብን ስም ብዙ ሊቃውንት ከዚሁ ግንድ ይመዝዙታል፤ ሌሎች ደግሞ «በሙሉ ልብ» ከሚል ሐረግ ነው ይላሉ። የሰውየው ታሪክ ለሁለቱም ይመቻል። ሙሴ ከላካቸው 12 ሰላዮች መካከል አሥሩ ልባቸው ቀልጦ ሲመለሱ ያልፈሩት እሱና ኢያሱ ናቸው። ከዚያ 45 ዓመት ቆይቶ፣ በ85 ዓመቱ ኢያሱ ፊት ቀረበና የጠየቀው ለም ሜዳ አልነበረም፤ ብርቱ ጠላት የሰፈረበትን ተራራ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሒምያር ድረስ የዘመተው የአክሱሙ ንጉሥም ይህንኑ ስም ይዞ ነበር። በአማርኛ ግን ከልብ ክብር የለውም። ገዳዩ ሳይጠየቅ፣ ካሳ ሳይከፈልለት የቀረ ሰው «ደመ ከልብ ሆነ» ይባላል። ደሙ የውሻ ደም ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ አንድ ጡብ ሠሪ እንሂድ። «ዶጊድ»ን ለእንግሊዝ ሕዝብ አፍ ያስለመደው የመጽሐፍ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ጊልስ ሆጌት የተባለ ሽማግሌ ጡብ ሠሪ። የሚገኘው አንቶኒ ትሮሎፕ እ.ኤ.አ. በ1867 አሳትሞ ባጠናቀቀው የባርሴት ታሪኮቹ የመጨረሻ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ክሮሊ የሚባል ድሃ ቄስ የ20 ፓውንድ ቼክ ሰርቀሃል ተብሎ ተከሷል። ቼኩ እጁ እንዴት እንደገባ እንኳ አያስታውስም። በዝናብ፣ በጭቃ መንገድ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ ሽማግሌው ያገኘውና ይመክረዋል። ነገሩን ሁሉ የሚፈታው ማሰብ መብሰልሰሉ አይደለም፤ ዶጊድነት ነው ይለዋል፣ በገጠሬ እንግሊዝኛ፣ ሰዋስው ሳይገድበው። የተማረው ቄስ ከጡብ ሠሪው የወሰዳትን ምክር መንገዱን ሁሉ ሲያላምጣት ሄደ።

ትሮሎፕ ምክሩን ለገጸ ባሕርይው ብቻ አልሰጠም፤ ኖሮበታል። የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። በየማለዳው በእንግሊዞች አቆጣጠር አምስት ሰዓት ተኩል፣ በእኛ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጠረጴዛው ጋ ይቀመጣል። ለዚህም ቀስቅሶ ቡና ለሚያቀርብለት ሽማግሌ የፈረስ ባልደራሱ በዓመት 5 ፓውንድ ጭማሪ ይከፍለዋል። ሰዓቱን ፊቱ ያስቀምጥና በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ይጽፋል፤ ሦስት ሰዓት ሠርቶ ወደ ቢሮው ይሄዳል። አንዱን ልብ ወለድ በጨረሰ ማግስት ቀጣዩን የጀመረበት ጊዜም አለ። እንዲህ እያለ 47 ልብ ወለዶች ጻፈ። የብሪታንያ ምልክት የሆነው የመንገድ ዳር የፖስታ ሳጥንም እ.ኤ.አ. በ1852 ለመጀመሪያ ጊዜ በጀርሲ ደሴት የተተከለው በእሱ ሐሳብ ነው። ከሞተ በኋላ በወጣው የሕይወት ታሪኩ ይህን የሰዓት ሥራውን ሳይደብቅ ቢናገር፣ ደራሲ ማለት መንፈስ ሲያድርበት የሚጽፍ ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች አንባረቁበት። እኔ ፍርዴ ለትሮሎፕ ነው። መንፈሱን እስኪመጣ የጠበቁትን አብዛኞቹን ዛሬ ማን ያስታውሳቸዋል?

የጡብ ሠሪውን አባባል አዘውትሮ ከሚደግሙት አንባቢዎች አንዱ ቻርልስ ዳርዊን ነበር። ልጁ ፍራንሲስ ስለ አባቱ ሲጽፍ፣ የእሱን ፅናት ለመግለጽ የተለመደው «ፐርሲቪራንስ» የሚለው ቃል እንደማይበቃ፣ «ዶጊድነት» የተሻለ እንደሚገልጸው ጠቅሷል። ለዳርዊን እውነት እስኪገለጥ የሚጠበቅ ነገር አይደለም፤ በግድ የሚወጣ ነው። ሰውዬው ከውሻ ጋር የነበረው ዕጣ ደግሞ አስቂኝ ነው። በ22 ዓመቱ ዓለምን እንዲዞር የተሳፈረባት መርከብ «ቢግል» ትባል ነበር፤ የአዳኝ ውሻ ዝርያ ስም ነው። ጉዞው እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 1831 እስከ ጥቅምት 1836 ቆየ። በየመድረኩ የተሟገተለት ወዳጁ ቶማስ ሃክስሊ «የዳርዊን ቡልዶግ» በሚል ቅጽል ስም ይታወቃል።

ዳርዊን በባሕር ዳር ድንጋይና በመርከብ ሆድ ላይ የሚጣበቁ «ባርናክል» የተባሉ ትንንሽ ፍጥረታትን ሲመረምር ስምንት ዓመት ፈጀ፤ ከ1846 እስከ 1854። ቤቱ ውስጥ ነጋ ጠባ ይህንን ብቻ ሲያይ ያደገ አንድ ልጁ ጎረቤት ሄዶ፣ የቤቱ አባወራ የት ተቀምጦ ነው ባርናክሎቹን የሚሠራው ብሎ ጠየቀ ይባላል። አባት ሁሉ ባርናክል የሚሠራ መስሎታላ! ስለ ምድር ትሎች የመጀመሪያ ጽሑፉን ያቀረበው በ1837፣ መጽሐፉን ያወጣው በ1881 ነው፤ 44 ዓመት። በዚያ መካከል ትሎቹ ይሰሙ እንደሆነ ለማወቅ በማሰሮ አፈር ውስጥ አድርጎ ልጁ ባሱን የተባለውን ትልቅ የትንፋሽ የሙዚቃ መሣሪያ እንዲነፋላቸው፣ ባለቤቱ ኤማ ፒያኖ እንድትመታላቸው አድርጓል። ትሎቹ ከነገሩም አልቆጠሩት። ማሰሮዎቹ ፒያኖው ላይ ሲቀመጡ ግን ንዝረቱ ተሰማቸውና ወደ ጉድጓዳቸው ገቡ። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ ዳርዊን አረፈ።

በፍጥነት ሁለት ነገር። ቡልዶግ ስሙን ያገኘው ከበሬ ነው፤ የታሰረ በሬ አፍንጫ ነክሶ አልለቅም እንዲል ተዳቅሎ ነበር፤ ጨዋታው በብሪታንያ በሕግ የታገደው በ1835 ነው። ቶክዮ ሺቡያ ባቡር ጣቢያ ጌታውን ሲጠብቅ የኖረው ሃቺኮ ደግሞ ጌታው ፕሮፌሰር ኡዌኖ ግንቦት 1925 ሲሞት ጥበቃውን አላቋረጠም፤ መጋቢት 1935 እስኪሞት ድረስ ጠበቀ። በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዶጊድ ወንድምና እህቶች አሉት። «ቴኔሸስ» ላቲን ነው፤ «መያዝ» ከሚል ግስ። ከዚሁ ግስ «ቴናንት» ተከራይ ወጥቷል፤ ቤት ያዥ ነዋ። ቴኒስ ራሱ ከፈረንሳይኛው «ያዝ!» እንደመጣ በሰፊው ይታመናል፤ ኳሱን የሚለጋው ሰው የሚጮኸው ጩኸት። «ሌተናል ኮሎኔል» የምንለው ማዕረግ ውስጥ ያለው «ሌተናል»ም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ «ቦታ ያዥ» ማለት ሲሆን እኛ እንደራሴ ስንል ከምንለው ብዙም አይርቅም።

«አሲዱዩስ» ትጉህ ነው፤ በላቲን ሥሩ «አጠገብ መቀመጥ» ነው። ከዳኛው አጠገብ የሚቀመጠው ረዳትም፣ ቀረጥ ገማቹም «አሴሰር» የተባሉት ከዚሁ መቀመጫ ተነስተው ነው። «ስታበርን» ግትር ነው፤ ምንጩ አይታወቅም። ገጣሚው ቾሰር በ14ኛው ክፍለ ዘመን ባለ ብዙ ባሏን የባዝ ሴትዮ ራሷን እንደ ሴት አንበሳ ስታበርን ነበርኩ አሰኝቷታል። «ኢንዲፋቲጌብል» የማይታክት ነው፤ ስድስት ክፍለ ቃል ስላለው ራሱ ያታክታል። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ይህንን ስም ለጦር መርከብ ሰጥቶ ነበር። ግንቦት 31 ቀን 1916 እ.ኤ.አ. በጀትላንድ ውጊያ ተኩስ በተከፈተ ሩብ ሰዓት ገደማ ውስጥ ፈንድታ ከ1,000 በላይ ባሕረኞች ይዛ ሰጠመች።

የሁሉም ቅመም ግን «ኢምፖርቹኔት» ነው። ጨቅጫቃ፣ ነዝናዛ፣ እምቢ ቢሉት የማይሰማ። ላቲኑን ሲፈቱት «ወደብ የለሽ» ይሆናል። ተቃራኒው ደግሞ ወደ ወደብ የሚነፍስ ነፋስ ነው፤ «ኦፖርቹኒቲ»፣ ማለትም መልካም አጋጣሚ፣ የመጣው ከዚያ ነው። እንግዲህ ነዝናዛ ሰው ማለት መልሕቁን የሚጥልበት ወደብ አጥቶ ደጃፍዎ ላይ የሚንሳፈፍ መርከብ ነው። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በሉቃስ 11 ላይ በእኩለ ሌሊት እንጀራ ሊበደር የመጣውን ወዳጅ ሲያነሳ የተጠቀመው ከዚህ ቃል የወጣውን ስም ነው። የአማርኛው ደግሞ «ንዝነዛ» ይላል። ባለቤቱ የተነሳው ለወዳጅነቱ ብሎ አይደለም፤ ስለ ንዝነዛው ነው። እኔ በበኩሌ አማርኛው ይበልጥብኛል። ንዝንዝ፣ ንዝንዝ ሲል በሩ ሲንኳኳ ይሰማል።

ታዲያ የትኛው የት ይገባል? ሳል «ፐርሲስተንት»፣ ማለትም የማያቋርጥ፣ ይሆናል፤ ዝናብም ይሆናል፤ «ዶጊድ» ግን ፈጽሞ አይሆኑም፤ ዶጊድ ለመሆን ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ሳል ደግሞ ፈቃድ የለውም። አልለቅ ያለ እድፍ «ስታበርን» ነው። ጫማ ላይ የሚጣበቅ ጭቃና የማይረሳ አእምሮ «ቴኔሸስ» ናቸው። «ዶጊድ» የሚባለው ጋዜጠኛው፣ መርማሪው፣ ተከላካዩ ነው። ግን ልብ ይበሉ፤ በምስጋናው ውስጥ ትንሽ እሾህ አለች። ብዙ ሰዓት ቆሞ ጥቂት ነጥብ የለቀመ የክሪኬት ተጫዋች ዶጊድ ይባላል። ደስ የሚል ጨዋታ አሳየ ማለት አይደለም፤ አልወጣም ብሎ ቆመ ማለት ነው። ብልጭታ ያለውን ሰው ዶጊድ አይሉትም።

የሰፈራችን አንድ ወጣት የሥራ ማመልከቻ እንዳይለት አመጣልኝ። በእንግሊዝኛ ስለ ራሱ «ስታበርን ሠራተኛ ነኝ» ብሎ ጽፏል። ምን ለማለት ነው ብለው፣ ስልኩን አወጣና «ይኸው ጋሼ፣ ‹የማይበገር› ብዬው እኮ ነው ይህንን የሰጠኝ» አለኝ። አለቃ ሊሆነው ላሰበው ሰው ግትር ነኝ፣ የምትለኝን አልሰማም ብሎ ሊልክ ነበር። በዶጊድ ልተካው አሰብኩና ተውኩት። ዶጊድ ሌላ ሰው ስለ እርስዎ ይበለው እንጂ ራስዎ ስለ ራስዎ የሚሉት አይደለም። «ፐርሲስተንት» አልኩት።

ፈላስፋው በርትራንድ ራስል እ.ኤ.አ. በ1948 በቢቢሲ ራዲዮ ይህንኑ ነገር እንደ ግስ እርባታ አድርጎ ቀልዶበታል። በአንደኛ መደብ ሲሆን ፅኑ፣ በሁለተኛ መደብ ግትር፣ በሦስተኛ መደብ ደንቆሮ። ባሕርይው ያው አንድ ነው። አማርኛም ይህንን እርባታ አሳምሮ ያውቀዋል። ስለ ራሳችን ልጅ ስናወራ «እልኸኛ ነው፣ ከያዘ አይለቅም»፤ የጎረቤት ልጅ ሲሆን «ድርቅ ያለ ነው»፤ የአማት ልጅ ሲሆን «መንቻካ!»

እንስሶቻችንም ተመድበዋል። ሠራተኛው ንብ ነው። አርቆ የሚያስበው ጉንዳን ነው። የማይላቀቀን ሰው መዥገር ነው። ውሻ በዚህ ስብሰባ ላይ አልተጠራም።

ያውቁ ኖሯል? ታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በ10 ዓመት ያልቃል ተብሎ በ1879 ውል ተፈረመ። አምስተኛው ዓመት ላይ የመጀመሪያው ክፍል ሲታተም የደረሱት «አንት» ከሚለው ቃል ላይ ነበር፤ ጉንዳን ማለት ነው፤ ፊደሉም ገና «ኤ» ነው። ዋና አዘጋጁ ጄምስ መሪ በግቢው በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ከወረቀት ቁራጮች ጋር ሲታገል ኖሮ በ1915 አረፈ። ሥራው ያለቀው በ1928 ነው። የእኛም የግዕዝ መዝገበ ቃላት እንዲሁ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን ሰጡት፤ እሳቸውም ሳይታተም አለፉ፤ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ተረክበው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ከዚያ የራሳቸውን ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አወጡ።

ስድብ ምስጋና ይሆናል ብሎ ለማመን ለተቸገረ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። «ቀውጢ» ድሮ የጭንቅ ቀን ነበር። ዛሬ ልጆቹን ሠርጉ እንዴት ነበር ብለው ይጠይቋቸው፤ «ቀውጢ ነበር!» ይሉዎታል፣ በደስታ። 500 ዓመት አልፈጀበትም።

በእርስዎ አካባቢስ? በጎጃም፣ በወሎ፣ በሸዋ፣ በጎንደር፣ የያዘውን የማይለቅ ሰው ምን ይባላል? ከስድብ ተነስቶ ምስጋና የሆነ፣ ወይም ከምስጋና ወርዶ ስድብ የሆነ የሚያውቁት ቃል ካለ ይጻፉልን። ከእነ አነባበቡ ይሁን፤ ጠብቆ ይሁን ላልቶ ይንገሩን፣ እኛም እንዳይሳቅብን።